የአቶ እሺ አጥር

ያን ቀን ዝናብ ባይጥል ኖሮ ጋሽ ችካል በቀጥታ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ደርሰው፣ ደብዳቤያቸውን አስረክበው፣ የልባቸው ደርሶ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር። ይህም ታሪክ አይወራም ነበር። ዝናቡ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ ልክ የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ እንደ ጉድ ወረደ። መጠለያ የሚሆን ዛፍ እንኳ በሌለበት ሜዳ ላይ የቆመው አንድ የቆየ ኬላ ብቻ ነበር፤ የሚያልፍ መንገደኛ ስለጠፋ ጠባቂዎቹ ጥለውት ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ችካል ባርኔጣቸውን በእጃቸው፣ ደብዳቤውን በብብታቸው ይዘው፣ ለሰባ ሁለት ዓመት ሰው በማያምር ሩጫ ገቡበት።

ስለ እኚህ ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጋሽ ችካል የተባሉት በጎልማሳነታቸው ከቀያሾች ጋር የመለኪያ ሰንሰለት እየጎተቱ፣ ይህን የአገሩን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር እየለኩ፣ የድንበሩን ችካል የተከሉ ሰው ስለሆኑ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቀያሾቹ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። እሳቸው ግን መሬቱን ወደዱትና ቀሩ፤ ትዳር ያዙ፣ ወለዱ፣ ከብት አረቡ። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ስልሳ ያህል ቤት ነበር። ከዚያ ወጣቱ አንድ በአንድ እየተነሣ ከተማ ገባ፣ ሽማግሌው በየተራ አረፈ፤ በመጨረሻ አሥራ ሁለት ቤት ብቻ ቀረ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬድ ነበር። መንግሥት የአገሩ ዳርቻ ወና ሊሆን መቃረቡን ሲያይ አዋጅ አወጣ፤ ከሩቅ አገር፣ ምድራቸውን አሸዋ የበላባቸውን ሠላሳ አምስት ቤተሰቦች ከስደተኞች መጠለያ አምጥቶ አሰፈረ። እነሆ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ኬላው ውስጥ ሰው ነበረ። አንዲት ወጣት ሴት፣ ጎማው የተነፈሰባትን ሞተር ሳይክል ከግድግዳው አስደግፋ፣ የዝናብ ካፖርቷን እያራገፈች ቆማለች። ሽማግሌውን ስታይ በቤቱ ውስጥ ያለውን ብቸኛ ሣጥን በእጅጌዋ ጠረገችላቸው።

«ይቀመጡ አባባ፤ በጣም በስብሰዋል።»

«አንቺ ተቀመጪ ልጄ። እኔ ቆሜ ነው የምደርቀው።»

«እባክዎ! እኔማ ሞተሬን ስገፋ ሰውነቴ ሞቋል።»

ሁለት ሦስት ጊዜ ከተግደረደሩ በኋላ፣ ሣጥኑ ረዘም ያለ ስለነበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ችካል ደብዳቤውን ከብብታቸው አውጥተው ዳር ዳሩን ዳሰሱት። አልረጠበም። እፎይ አሉ።

«ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ? ነርስ ነሽ?»

«የለም፤ ሥራዬ ጽሕፈት ነው።»

«ጽሕፈት ከሆነማ እግዜር ነው ያመጣሽ! ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ለፍቼበታለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደል ስቼ እንደሆነ ታይልኛለሽ? የወረዳ ሰዎች ፊት መሳቂያ መሆን አልፈልግም።»

ወጣቷ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። እንዲህ ይላል፦

«ለክቡር የሰፋሪዎች ጉዳይ መዝጋቢ። ከእኔ አጠገብ የሰፈረው የውጭ አገር ሰው የሦስት ዓመት ጊዜው በመጪው አርብ ያልቃል። እኔ የቅርብ ጎረቤትና ነባር ነዋሪ በመሆኔ፣ በሰላም ተጎራብቶኛል ብዬ እንድፈርምለት ተጠይቄአለሁ። አልፈርምም። የከብቶቼን መንገድ ዘግቶብኛል፤ ስነግረውም አሹፎብኛል። ስለዚህ እሱም ቤተሰቡም ከአካባቢው እንዲነሱልኝ አመለክታለሁ።»

አዋጁ እንዲህ ነበር፦ ሰፋሪው ሦስት ዓመት ከኖረ በኋላ የዘለቄታ መኖሪያ ወረቀት የሚያገኘው የቅርብ ነባር ጎረቤቱ ከመሰከረለት ነው። ምስክር ያጣ ሰው ግን እርሻውን ትቶ፣ ቤቱን ዘግቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ወደ መጣበት የስደተኞች መጠለያ ይመለሳል።

ወጣቷ አንብባ ጨረሰች።

«ደብዳቤው ግልጽ ነው አባባ። አንድ ፊደል ብቻ ስቷል፤ ‹እንዲነሡልኝ› የሚለው በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው።»

«እስኪ አርሚልኝ፤ ተባረኪ።»

ብዕሯን አውጥታ አረመችላቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላው መጀመሪያው ላይ ያለው ነው። ‹ለክቡር› ከሚሉ ‹ለክብርት› ቢሉ ይሻላል።»

«ምነው?»

«መዝጋቢዋ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ችካል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንድ ሰው ራሱ የደከመበትን ሥራ የሚያፈርስ ማመልከቻ፣ ፊደሉን አርሞ መልሶ ሲሰጥ አይተው አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋነት ከትምህርት ቤት ይሁን ከእናት ጉያ የተገኘ፣ ከየትም ይምጣ፣ የሚከራከርን ሰው ጆሮ ይከፍታል። ሽማግሌውም ሊቆጡ አስበው ሳቁ።

«እንግዲህ ከእጄ ወደ እጅሽ ገብቷል፤ መንገዱ ቀለለኝ» አሉ።

«ተቀብያለሁ። አርብ መዝገብ ላይ አሰፍረዋለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ግን፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ እንደ መዝጋቢ ሳይሆን እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎ። ምንድን ነው ያስቀየምዎ? የሆድዎን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ችካል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«የሆዴን ካልሽ እነግርሻለሁ። ልጄ፣ እኛ እዚህ አርባ ዓመት ኖርን። የውሃ ፓምፕ ስጡን ብለን ሰባት ጊዜ አመለከትን። ምን አሉን መሰለሽ? ‹ለአሥራ ሁለት ቤት ፓምፕ አይተከልም።› መንገዱ ፈረሰ ስንል፣ ‹ለአሥራ ሁለት ቤት መንገድ አይጠገንም።› እኛ ሰው አይደለንም? ከዚያ እነዚህ መጡ። ገና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ዘር ተሰጣቸው፣ ቆርቆሮ ተሰጣቸው፣ የአጥር ሽቦ ተሰጣቸው። በገዛ ቤቴ የእንጀራ ልጅ ሆንኩ!»

ወጣቷ አንገቷን ደፋች።

«እዚህ ላይ ልክ ነዎት። አዋጁን የጻፉት ሰዎች የሚመጣውን አስበው የነበረውን ረሱ። ይህን እኔም ለበላይ ጽፌአለሁ፤ ባለፈው ወር መልስ መጥቷል። ለሰፋሪ የሚሰጠው ዘርና ቆርቆሮ ከእንግዲህ ለነባሩም በእኩል ይሰጣል። አንድ ነገር ግን ያስቡልኝ። ያ ሰባት ጊዜ የተከለከላችሁት ፓምፕ ዘንድሮ ተፈቅዷል አይደል?»

«ተፈቅዷል። መሐንዲሶቹ መጥተው ቦታ መርጠዋል።»

«የተፈቀደው ለአርባ ሰባት ቤት ነው። አሥራ ሁለት የእናንተ፣ ሠላሳ አምስት የእነሱ። እነሱ ቢነሡ ፋይሉ ተመልሶ መሳቢያ ይገባል።»

ሽማግሌው ይህን አላሰቡትም ነበር። ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«ይሁን። ሌላም አለ። ይህን ድንበር እኔ ነኝ በእግሬ የለካሁት። ችካሉን በእጄ ነው የተከልኩት። የአገር ጫፍ ላይ እንግዳ ማስፈር፣ የቤትን በር ለማያውቁት ሰው ማስረከብ አይደለም?»

«አባባ፣ የተከሉት ችካል ስንት ነበር?»

«ሁለት መቶ አሥር» አሉ ሳያስቡ።

«ዛሬ ስንቱ ቆሟል?»

ባለፈው በጋ ጋሽ ችካል ከብት ፍለጋ ወጥተው ድንበሩን ተከትለው ሄደው ነበር። ግማሹ ወድቋል፤ ጥቂቱን ጎርፍ ወስዶታል፤ አንዳንዱ በሣር ተውጦ እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው እየዳሰሱ ነው ያገኙት።

«ግማሹም የለም» አሉ በዝግታ።

«ችካሉን ማን ያቅናው? ሰው ከሌለ የሚያየው የለም። እኔ የዛሬ አራት ዓመት ወደዚህ ስመደብ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ ካርታ እየተሠራ ነበር። ይህ መንገድ ከካርታው ሊወጣ ተወስኖ ነበር። ‹ማን ይሄድበታል?› ተባለ። ወና የሆነ አገር ጠላት ሳይመጣበት በገዛ መንግሥቱ ይረሳል። ሰፋሪዎቹ ደግሞ በሕጋችን ምለው የገቡ ናቸው፤ ጥፋት ያጠፋ እንደማንኛችንም ይጠየቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክስ አልቀረበባቸውም። ከእርስዎ በቀር።»

«እኔማ ምክንያት አለኛ!» አሉ ጋሽ ችካል፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ያ ሰውዬ፣ አቶ እሺ የምንለው፣ ከብቶቼ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ በሽቦ አጠረው። በላይ በኩል ዞረው ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ። ሄጄ በደግ ነገርኩት። ‹ይህ መንገድ ነው፤ አጥሩን አንሣ› አልኩት። ‹እሺ› አለኝ። ደግሜ ነገርኩት፤ ‹እሺ› አለኝ፣ ፈገግ ብሎ! በማግስቱ ብሄድ ምን አድርጎ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? በሦስቱ ረድፍ ሽቦ ላይ አራተኛ ጨምሮበታል! ቆሽቴ አረረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእነዚያ ሰዎች ስም በቤቴ እንዳይነሣ ብዬ ምያለሁ።»

መዝጋቢዋ ልትስቅ ስትል ራሷን ገታች፤ አልሆነላትም።

«ይቅርታ አባባ፤ በእርስዎ አልሳቅኩም። አቶ እሺ የሚል ስም ለምን እንደወጣለት ያውቃሉ?»

«‹እሺ› ማለት ስለሚያበዛ።»

«ሲመጣ ከቋንቋችን የሚያውቀው ያንን ቃል ብቻ ነበር። ስመዘግበው ‹ስምህ ማን ነው?› አልኩት፤ ‹እሺ› አለኝ። ‹ስንት ልጆች አሉህ?› አልኩት፤ ‹እሺ› አለኝ። መጠለያው ውስጥ የመከሩት እንዲህ ብለው ነው፦ ‹የአገሩ ሰው ሲናገርህ ፈገግ በልና እሺ በል፤ ማንም አይጣላህም።›»

«እና… አልሰማኝም ነው የምትይኝ?»

«መስማቱንስ ሰምቷል። ምን እንደሰማ ግን ሄደን ብንጠይቀው አይሻልም? ዝናቡም አባርቷል።»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምፈልገው ነገር አለ። መንግሥት ለሰፋሪዎቹ መሬት ሰጠ፣ ዘር ሰጠ፣ ሽቦ ሰጠ። ቋንቋ ግን አልሰጣቸውም። ሁለት ሰዎች በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሦስት ዓመት ኖረው አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተለዋወጡ፣ ዘሩ ቢበቅልም ጉርብትናው አይበቅልም። እንዲህ ያለውን ጉድለት ደግሞ ከተማ ቁጭ ያለ ሹም አያየውም፤ የሚያየው ቦታው ላይ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሞተሩን ኬላው ውስጥ ትተው በጭቃው መንገዱን ተያያዙት። መንገድ ላይ ጋሽ ችካል ብዙም አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው፦

«ትምህርት ቤቱስ? እሱም በእነሱ ቁጥር ነው እንደገና የተከፈተው?» አሉ።

«ከአርባ ተማሪ በታች ከሆነ ይዘጋል። አሁን አርባ ሦስት ናቸው። የአቶ እሺ ልጆች አራት ናቸው።»

ሽማግሌው ከአርባ ሦስት ላይ አራት ቀነሱ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነባቸውና እንደገና መራመድ ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሁለት ልጆቿ ጋር እሳቸው ግቢ ነው የምትኖረው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ከተማ ልትሄድ ነበር። ያቆያት የትምህርት ቤቱ እንደገና መከፈት ነው። እሳቸው አርብ ቀን በአንድ ወረቀት የጎረቤታቸውን ልጆች ሲያስነሡ፣ የገዛ የልጅ ልጆቻቸውንም አብረው ሊያስነሡ ኖሯል።

አቶ እሺ ግቢ ሲደርሱ ሰውዬው ጓሮውን የሚያጠጣባትን ትንሽ የእጅ ፓምፕ ፈታትቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ቅባት ተለውሶ፣ ከደጃፉ ቁጭ ብሏል። ጋሽ ችካልን ሲያይ ደንግጦ ብድግ አለ። ፈገግ አለ።

«እሺ» አለ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ችካል። «አላልኩሽም?»

በዚህ ጊዜ የሰውዬው ሚስት ከጓሮ በኩል እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። ሽማግሌውን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፦

«ኧረ ጉድ በል! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው? ይግቡ እንጂ! ምን በር ላይ ይገትርዎታል? ወይ እኚህ ሰውዬ፣ ጫማቸውን ተመልከቱት፣ ጭቃውን ሁሉ ለብቻቸው ጠርገውት መጥተዋል!» አለች።

ጋሽ ችካል ክው ብለው ቀሩ። ቃሉ፣ አጣጣሉ፣ በመጨረሻ ምላሷን ጠቅ ማድረጓ ሳይቀር ለአርባ ዓመት ጠዋትና ማታ የሚሰሙት ነው። ዓይናቸውን ቢጨፍኑ ባለቤታቸው የተናገሩ ይመስላቸው ነበር።

«ይህን አነጋገር ማን አስተማረሽ?» አሉ።

ሴትየዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት መልሱ ራሱ ከጓሮ መጣ። የጋሽ ችካል ባለቤት፣ ቅርጫት ሙሉ ካሮትና ሽንኩርት ታቅፈው፣ ሳያዩዋቸው እየተናገሩ ብቅ አሉ። «ይህቺኛዋ ገና አልበሰለችም፣ ሳምንት ብታቆዪያት…» ብለው ባላቸውን ሲያዩ ቅርጫቱን ሊያስቀምጡ ቃጣቸው፤ ኋላ ተውት።

«ተገኘሁ እንግዲህ» አሉ።

«ስንት ጊዜሽ ነው?» አሉ ጋሽ ችካል።

«እዚህ ግቢ መምጣት ከጀመርኩ? ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። አንተ ‹ዘንድሮ የጓሯችን ካሮት እንዴት ያለ ጣፋጭ ነው› ስትል የኖርከው የኛ ጓሮ ካሮት ኖሮት ያውቃል?»

መዝጋቢዋ ፊቷን ወደ ፓምፑ መለሰች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ታዲያ ቋንቋ ካስተማርሻት የአጥሩን ነገር ለምን አልነገርሻትም?»

«እንዴት ብዬ? አጥሩን ሲያነሱ ማን ነገራቸው ትለኛለህ። እኔ ነኝ ብል፣ ስማቸው በዚህ ቤት አይነሣ ብለህ ምለሃል። አንተ ሰውዬ፣ ደጋግሜ ላነሣው ስል ባርኔጣህን አድርገህ ትወጣለህ እኮ!»

ይህ እውነት ስለነበር ጋሽ ችካል ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። ሴትየዋ መሐል ሆና አስተረጎመች።

«ያን ጊዜ አጥሩ ላይ መጥቼ የነገርኩህን አስታወስክ?»

አቶ እሺ አስታወሰ። እንዲያውም በየቀኑ ነው የሚያስታውሰው አለ። ትልቅ ሰው መጥቶ አጥሩን እየነቀነቀ ሲቆጣ ፈርቶ ነበር። «አጥሩ ልል ነው፣ ከብት ይገባብሃል ብለው የመከሩኝ መስሎኝ፣ ምክራቸውን አክብሬ በማግስቱ አንድ ረድፍ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ግን ሰላምታ ሲነሱኝ፣ አራት ረድፍም አነሳቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ባለቤታቸው ናቸው። ቀጥሎ መዝጋቢዋ ሳቀች። ጋሽ ችካል ከንፈራቸውን ነክሰው ቢቆዩም በመጨረሻ አምልጧቸው እስከ እንባቸው ድረስ ሳቁ። አቶ እሺ ምን እንዳሳቃቸው ባያውቅም አብሮ ሳቀ። ሚስቱ ስትነግረው ግን መሳቁን ተወ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለት ሰዓት የሚዞሩትን ከብቶች አሰበ መሰል፣ ቃል ሳይናገር ጉጠቱን ከመሬት አንሥቶ ወደ አጥሩ ተራመደ።

«ቆይ ቆይ!» አሉ ጋሽ ችካል እየተከተሉት። «ዝም ብሎ አይቆረጥም! መንገዱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳይለካ?»

ያንን ከሰዓትና የማግስቱን ቀን ሙሉ ሁለቱ ሰዎች በሥራ አሳለፉት። ጋሽ ችካል የድሮው መንገድ የሚያልፍበትን በእርምጃ ለኩ፤ ከሣሩ ሥር የተቀበሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ አሳዩ። አቶ እሺ እንጨቱን ነቀለ፣ ሽቦውን ጠቀለለ፣ ስምንት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ተከለ። ሽቦ ሲወጠር አንዱ ጫፍ በአንዱ እጅ፣ ሌላው ጫፍ በሌላው እጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ሳብ»ና «ላላ» የሚሉትን ቃላት ተማረ። በሁለተኛው ቀን «ጠማማ» የሚለውን ተምሮ ሽማግሌው የተከሉትን እንጨት እየጠቆመ «ጠማማ!» አላቸው። ቢናደዱም ዝቅ ብለው ሲያዩት እውነትም ጠማማ ነበር።

መዝጋቢዋ የመሥሪያ ቤቷን ካርታ ይዛ መጥታ አብራቸው አየች። መንገዱ ካርታው ላይ አልነበረም። ካርታውን የሠሩት ሰዎች ቢሯቸው ሆነው ነው የከፋፈሉት፤ ለአቶ እሺ የተሰጠው መሬት መንገዱን ጨምሮ ነበር። ሰውዬው ያጠረው የተሰጠውን ነው።

«የሁለታችሁን ጭቅጭቅ የጀመርነው እኛ ነን» አለች። «ከዚህ በኋላ ነባሩ ሰው መሬቱን በእግሩ ሳያሳይ ካርታ አይጸድቅም። ይህንንም እጽፋለሁ።»

«ጻፊ» አሉ ጋሽ ችካል። «ንጉሡን ሠም እሳቱን ሰም እያስተካከልሽ ጻፊ።»

አርብ ቀን ጋሽ ችካልና ባለቤታቸው ወረዳው ጽሕፈት ቤት አብረው ሄዱ። ደብዳቤያቸውን መልሰው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። የምስክርነቱ ወረቀት ሲቀርብላቸው ግን ብዕሩን ይዘው ቆዩ።

«‹ለሦስት ዓመት በሰላም ተጎራብተናል› ይላል። ይህን ብፈርም ውሸት ነው። እኔ የተጎራበትኩት ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ነው።»

«እሱ ግን ሦስት ዓመት ተጎራብቶዎታል» አለች መዝጋቢዋ። «የሚጠየቁት ስለ እሱ ነው።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ፈረሙ። ባለቤታቸው ደግሞ ብዕሩን ተቀብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከሥሩ «እኔም» ብለው ጻፉ።

ዓመት አለፈ። ሌላ ዳርቻ፣ እንደዚሁ ሰው የሳሳበት ወረዳ ነበርና መንግሥት እዚያም ሰፋሪ ሊያመጣ አስቦ ኖሯል። የዚያ አገር ሽማግሌዎች ደስ አላላቸውም። መዝጋቢዋ ሦስቱን ይዛ፣ በዓይናቸው እንዲያዩ ወደ ጋሽ ችካል አመጣቻቸው። አዲሱ የመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ከሦስቱ አንዱ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ቁጡ ሰው፣ ነገሩን ከፈቱት።

«ጌታዬ፣ እኛ የመጣነው እውነቱን ለመስማት ነው። መንግሥት የነገረዎትን አይንገሩን።»

«የነገረኝንማ ረስቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ችካል። «ያየሁትን ልንገራችሁ።»

«መሬታችሁ አልጠበበም?»

«ጠበበ እንጂ። ድሮ ከብቴን ወደፈለግሁበት እለቅ ነበር፤ አሁን አስፈቅጄ ነው። ይህን አልደብቃችሁም። ግን ያ ሁሉ ሰፊ መሬት ምን ሠራልኝ? ፓምፕ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። ፓምፑ ሲበላሽ ከከተማ መካኒክ መጠበቅ ቀርቷል፤ ጎረቤቴ ይፈታዋል። ትምህርት ቤታችን አንድ አስተማሪ ነበረው፤ ዛሬ ሦስት አሉት። ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። አውቶቡሱ በወር አንዴ ይመጣ የነበረው ዛሬ አንድ ቀን እየዘለለ ይመጣል። ልጄ ከተማ ብትሆን የምትሰፋውን ያህል ልብስ እዚሁ ትሰፋለች።»

«ባህሪያቸውስ? ቋንቋቸውስ? እንዴት ትግባባላችሁ?»

«መጀመሪያ አልተግባባንም፤ በዚያ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ላፈርስ ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው፣ የመንግሥትም ነው። እናንተ ሰፋሪ ሲመጣላችሁ ከዘርና ከሽቦ በፊት አስተማሪ ጠይቁ። እዚህ ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ታስተምራለች፤ ወረዳው በደብዳቤ ሾሟታል። ሠላሳ አምስት ቤት ሙሉ እንደ እሷ አድርጎ ነው አሁን የሚቆጣኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ካፖርት የለበሱት ሰውዬ ግን ገና ልባቸው አልሞላም።

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ፓምፑም አውቶቡሱም። ለእርስዎ ግን፣ ለራስዎ፣ ምን ጠቀመዎ?»

ጋሽ ችካል በመስኮቱ ወደ ሸንተረሩ አመለከቱ።

«ከጥቂት ዓመታት በፊት» አሉ፣ «ከኔ በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይኖር ነበር። ሞተ። መሞቱን ያወቅነው በዘጠኝ ቀኑ ነው። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም መጨረሻዬ እንደዚያ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

ጋሽ ችካል ወንበራቸውን ወደ ሰዎቹ አስጠጉ።

«ባለፈው ክረምት ሳንባዬን አሞኝ አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ነርሷ መጣች፤ ‹የሚያስፈልግዎ እንቅልፍ ብቻ ነው› አለች። ታዲያ የታለ እንቅልፍ? ጠዋት አንዱ ያንኳኳል፣ ‹ጋሼ እንዴት አደሩ?› ቀትር ላይ ሌላው ያንኳኳል። አንዷ ወተት ይዛ፣ አንዱ እንጨት ተሸክሞ፣ አንዱ ምንም ሳይዝ፣ ዝም ብሎ ሊያየኝ። ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማልጠራቸው ሰዎች! ባለቤቴ ‹ኧረ ተዉት ይተኛበት› ብትል ማን ይሰማታል።»

ካፖርት ወደ ለበሱት ሰውዬ ዞሩ።

«እና ጌታዬ፣ ምን ጠቀመዎ ካሉኝ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው በዝቶ እንቅልፍ አጣሁ። ተመስገን ነው የምለው።»

ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ ከልጆቹ ወንበር ተነሡ። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ እሳቸው ወረዳ የሚመጡት ሰዎች ስንት ቤተሰብ እንደሆኑና መቼ እንደሚደርሱ ጠየቋት።